ከአይጧ በስተጀርባ

ከዝበርት የሚባለው ሽማግሌ ባሮ ሽንኩርቱን ሰው አያስነካም። ሚስቱ ሂልዳ አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ሰው ሠራሽ ጥርሱን የሚያሳድርበትን ብርጭቆ ታውቃለች፣ ከሐኪም ደብቆ የሚያጨሳትን ሲጋራ የት እንደሚሸጉጣት ታውቃለች፣ ሽንኩርቶቹን ግን በጣቷ ጫፍ እንኳ ነክታ አታውቅም። በዚያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር እንዲህ ያለው ሰው እሱ ብቻ አይደለም። የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ለወንዶቹ የቀረላቸው ኩራት ይኸው ነው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ በመንደሩ ክለብ አዳራሽ ሦስት ሦስት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደር፣ እንደ ሕፃን ጭን የወፈረ ባሮ ሽንኩርት። ዳኞች በሜትር ይለኩታል፣ ያገላብጡታል፣ ያሸቱታል። አንደኛ የወጣ ሰው እስከ ገና ድረስ የቢራ ሒሳብ አይከፍልም።

ታዲያ ኩራት ባለበት ተንኮል አይጠፋም። ከውድድሩ በፊት ሹልክ ብሎ ገብቶ የሰው ሽንኩርት በቢላ መቁረጥ በዚያ አገር ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሲያደርግ በዓይኑ የታየ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ግን አንድ ቅጠል ተበጥሶ ሲገኝ የሁሉም ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቢላ ነው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ከዝበርት የሽንኩርት መደቡ ዳር ተንበርክኮ የተበጠሰ ቅጠል በአውራ ጣቱ እየዳበሰ «ቢላ ነው» ሲል፣ ሂልዳ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ወዲያው ገባት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ዳርና ዳሩ ላይ ጥንድ ጥንድ የጥርስ ምልክት አለ። ከሥሩ አፈሩ ተጭሯል፤ ጎኑ ላይ ጥቁር ጥቁር በጠጥ ወድቋል።

«አይጠ መጎጥ ናት» አለችው።

«አይጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቢላ የያዘችው?»

«ጥርሷን ነው የያዘችው። ምልክቱ ይታያል እኮ።»

«ኖርማን ነው» አለ ከዝበርት።

ኖርማን ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ነው፤ ርግብ ያረባል፣ እሱም ባሮ ሽንኩርት ያበቅላል።

«ሰውየው ሃያ ዓመት ጎረቤትህ ነው፤ አያሳዝንህም?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«ኖርማን ዝንብ አይገድልም።»

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ! ለልደትሽ ኬክ ስላመጣልሽ ነው አይደል የምትሟገቺለት?»

ሂልዳ መልስ ነበራት፤ ግን ተወችው። ባሏ በምልክቱ ላይ አፍጥጦ ምልክቱን አላየውም ነበር። ከብርዱ ወራት ወዲህ የዓይኑ መሐል ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ልየው ሲል ግን እንደ ጭስ ይበንበታል። ሐኪሙ «አይመለስም፣ ይብሳል» ብሎታል። ከዝበርት ይህን ለመንደሩ ሰው አልተናገረም። ለሂልዳም ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጀርባውን እንዳዞረ፣ «ዘንድሮን ላውጣውና ይበቃኛል። ጠረጴዛው ላይ ሆነው ልያቸው ብቻ» አላት። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበራትም። እነዚያ ሦስት ሽንኩርቶች አዳራሹ መድረስ ነበረባቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቆይ ዓይን የለማ።

ከዝበርት ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ኖርማንን ዘጋው። ሂልዳ ደግሞ አይጧን ለማጥፋት ተነሳች።

መርዝ አይሆንም። ባለፈው ዓመት የአንዲት አሮጊት ውሻ የተመረዘች አይጥ በልታ ስለሞተች መደቦቹን የሚያስተዳድረው የአትክልት ማኅበር ከልክሏል። ወጥመድ ዘርግታ ነበር፤ የያዘችው አንድ ምስኪን ወፍ ነው፣ አልቅሳ ቀበረችው። የማኅበሩ ጸሐፊ ግን «ጥይቷ ከመደባችሁ ካልወጣች በአየር ጠመንጃ ትችያለሽ» ብሎ ፈቀደላት።

«ጠመንጃ አለኝ እኮ!» አለ ከዝበርት፣ ከስንት ቀን በኋላ ፊቱ ፈካ ብሎ።

አለው። ከሱ የወጣትነት ዘመን ጀምሮ የነበረ፣ እንደ በር መቀርቀሪያ የከበደ የአየር ጠመንጃ ነው። የጉድጓዱ አንጥረኛ የነበረ ወዳጁ በድሮ ጊዜ ሞላውን አውጥቶ በሌላ፣ እጅግ በጠነከረ ሞላ ለውጦለታል። የጉልበቱ ማስረጃ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መሐሏ የተበሳ አንዲት ጣውላ። ከዝበርት እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ንግሥቲቱ ፎቶ ያሳያታል። «በስቷት ወጣ! እንደ ቅቤ!» ይላል፣ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ እየከተተ።

ሂልዳ ሞከረችው። አፈሙዙን ወደ ታች አጥፋ ሞላውን ልትወጥር ታገለች፣ እምቢ አላት። በጉልበቷ ብትጫነውም እምቢ አለ። ከዝበርት ወጠረላትና ቆርቆሮ ላይ አነጣጠረች። ቃታውን ስትስብ ጠመንጃው እንደ በቅሎ ፈነጨ፣ ሰደፉ ጉንጯን ወቀጣት፤ ቆርቆሮው እንደቆመ ቀረና ወዲያ ማዶ የነበረ የአበባ ማሰሮ ፍርክስ አለ።

«ጥፋቱ የክንድሽ ነው» አለ ከዝበርት።

«ክንዴ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል» አለችና ጠመንጃውን በከረጢቱ ጠቅልላ ወደ ከተማ ሄደች።

የጠመንጃ ሱቁ ባለቤት ሄፕል ይባላል፤ ራሰ በራ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ልጅ ሳለ በሂልዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር የሚመላለሰው፤ ያውም ከኋላ ወንበር።

«እትዬ ሂልዳ! እውነት እርስዎ ነዎት?»

«ማስቲካውን አውጣ» አለችው።

የሄፕል መንጋጋ ሳያስበው ቀጥ አለ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ጠመንጃውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ «ቆይ እስቲ፣ ልለካው» አለና ወደ ጓዳ ወሰዳት። እዚያ አሸዋ የተሞላ ሣጥን አለ፤ ከፊቱ ጥይቷ ስታልፍ ፍጥነቷን የሚቆጥር መሣሪያ ተቀምጧል። ሄፕል ተኮሰ፤ ቁጥሩን አየ። ደግሞ ተኮሰ። ሳቁ ጠፋ።

«ሞላውን የነካው ማነው?»

«የሞተ የባሌ ወዳጅ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ማሰር አይቻልም። ባልዎን ግን ይቻላል።» ጠመንጃውን በቀስታ አስቀመጠው። «የአየር ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ሲያዝ ጉልበቱ ልክ አለው፣ እትዬ። ይሄ ልኩን ዘሎ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። ይዘውት ቤት መመለስ የለብዎትም። እኔ ፈቃድ አለኝ፤ ለፖሊስ አስረክባለሁ፣ ጣጣ እንዳይኖረው አድርጌ።»

«ባሌ ይሞታል።»

«ይናደዳል። መናደድና መሞት አንድ አይደለም።» ወንበር ሳበላት። «አሁን ልጠይቅዎት። ምን ሊተኩሱ ነው?»

«አይጥ። ትልቅ አይጠ መጎጥ።»

«ከምን ያህል ርቀት?»

ሂልዳ አሰበች። «ከሹፌር ወንበር እስከ ኋላ ወንበር።»

«አውቀዋለሁ ያንን ርቀት። የብርቱካን ልጣጭ የምወረውርብዎት ከዚያ ሆኜ ነበር።»

«አንተ ነበርክ እንዴ!»

«ይቅርታዬን ከቅናሹ ጋር እሰጥዎታለሁ። አሁን ዋናው ጥያቄ፤ ከአይጧ በስተጀርባ ምን አለ?»

«ከበስተጀርባዋ?» አለች ሂልዳ።

«ቢስቱስ ጥይቷ የት ትሄዳለች? ቢመቱስ፣ አልፋ ብትወጣ ማን ላይ ታርፋለች?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬ አልሸጥልዎትም» አለ ሄፕል። «አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱና ይምጡ። ሰው አይጥ አይቶ አይጧን ብቻ ነው የሚያየው፤ ክፉው ነገር ያ ነው።»

በአውቶቡስ ስትመለስ በሽቃ ነበር። ገንዘብ ይዛ የሄደችን ሴት ባዶ እጇን የሚመልስ ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? በማግስቱ ግን ሻይዋን ይዛ መደቡ ዳር ተቀመጠች። ከዕቃ ቤቱ በር ሆና ስታይ ከሽንኩርቱ ጀርባ መተላለፊያው አለ፤ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ወደ ውሃው በርሜል ብትሄድ ከሽንኩርቱ ጀርባ የችግኝ ማሳደጊያ የመስታወት ቤት ነው። በግራ በኩል የኖርማን የርግብ መኖ ቤት፣ ግራጫ ጣውላ። እየተነሳች እየተቀመጠች ስትዞር ዋለችና በመጨረሻ ሩባርብ ከሚባለው ቅጠለ ሰፊ ተክል አጠገብ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ አንድ ቦታ አገኘች። ከዚያ ሆና ስታይ ከመደቡ ቀኝ ግማሽ ጀርባ ያለው የአፈርና የፍግ ክምር ነው፤ ደረት የሚደርስ፣ ሰፊ፣ መድፍ የሚውጥ ክምር። የግራው ግማሽ ግን ከጀርባው የኖርማን መኖ ቤት ስለሆነ አይሆንም። ግማሹ ይበቃኛል አለች።

ይህን ስትነግረው ሄፕል ጠረጴዛውን ጠረገና ጠመንጃ ደረደረላት። መጀመሪያ የሰጣት ባለ ሞላ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ርካሽ፣ ብዙ ጣጣ የሌለው። ሞላውን እንደምንም ወጠረችው፤ ሲተኮስ ግን እሱም ይፈነጫል። «ይሄንን የለመደ ሰው አጥብቆ ሳይዝ ይተኩሰዋል፤ ለመልመድ ግን አንድ ክረምት ይፈጃል» አላት። ቀጥሎ የሰጣት አጭር ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር አየር የሚጠራቀምበት ቱቦ አለው። ትከሻዋ ላይ ስታደርገው ዓይኗ ሳይቸገር ከማነጣጠሪያው መነፅር ጋር ተገናኘ። በአሸዋው ሣጥን ላይ ተኮሰች። አልፈነጨም። ድምፁም መጽሐፍ እንደመዝጋት ያህል ነው።

«ይሄ ነው» አለች።

«እኔም እሱን ነበር የገመትኩት። ጉልበቱን ከሕጉ ልክም ዝቅ አድርጌ አስተካክልልዎታለሁ፤ ለአንድ አውቶቡስ ርዝመት ይበቃል። ጥይቷን ወፍራሟን ይውሰዱ፤ ዝግ ብላ ሄዳ እዚያው የምትቀር ትሻላለች። ወረቀት ላይ ይለማመዱ። ጥይቶቹ በሙሉ በአንድ ሳንቲም ስፋት የሚያርፉበትን ርቀት ይፈልጉ። አንዷ እንኳ ከሳንቲሙ ከወጣች ይጠጉ እንጂ አይተኩሱ፤ አይጥም ቢሆን ቆስሎ መሰቃየት የለበትም።» ከዚያ የእጅ ፓምፕ አወጣ። «አየሩን የሚሞሉት በዚህ ነው። ከባድ ነው፤ ማን ይመታልዎታል?»

«ባሌ አለ። ሲናደድ ጥሩ ጉልበት አለው፤ አሁን ደግሞ ተናዶ ነው የሚውለው።»

ቤት ስትደርስ ከዝበርት የአሮጌ ጠመንጃውን ዕጣ ከሰው ሰምቶ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ጠመንጃዬን ለፖሊስ?»

«ወይ ጠመንጃው ወይ አንተ አለኝ ባለ ሱቁ። ትንሽ አስቤበት ነው የወሰንኩት።»

አዲሱን ተቀብሎ ዳበሰው። «ይሄ ጠመንጃ ነው የፀጉር ማድረቂያ? ይሄ ርግብ አያስነጥስም!»

«ዝም ብለህ ፓምፑን ምታ።»

መታው፤ እያማረረ፣ እያላበው፣ ግን መታው። ሂልዳም ክምሩ ላይ ወረቀት ሰክታ ተለማመደች። መጀመሪያ ጥይቶቿ እንደ ተበተነ ሽምብራ ነበሩ፤ ኋላ ተሰበሰቡ፤ በመጨረሻ አንድ ሳንቲም ሸፈናቸው። ከዝበርት ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ ዳበሰና ቀዳዳው አንድ ብቻ ሆነበት። በማግስቱ ሳይነገረው ፓምፑን አነሳ።

ከሻይ በኋላ ፀሐይ ወደ አሮጌው የከሰል ክምር ስታዘቀዝቅ ሁለቱም መደቡ ዳር መቀመጥ ጀመሩ፤ እሷ በርጩማው ላይ፣ እሱ ከኋላዋ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ። ዓይኑ ሲደክም ጆሮው ተስሏል። አንዳች ኮሽ ሲል ትከሻዋን ጫን ያደርጋል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሳይቀመጡ እንደኖሩ ሂልዳ የዚያን ጊዜ አወቀችው፤ ደስም አላት፣ አዘነችም።

በአንዱ ምሽት አይጧ መጣች። ግን የመጣችው በግራ ነው። ከዝበርት «ልዑሉ» ብሎ የሚጠራው፣ ከሦስቱ ሁሉ የወፈረው ሽንኩርት ሥር ወጥታ ቅጠሉን በሁለት እጇ ያዘችና መቆርጠም ጀመረች። ሂልዳ በቀስታ ዞረች። በመነፅሩ ውስጥ የአይጧ ጢም ሳይቀር ይታያል። የመነፅሩ መስቀለኛ መስመር ጭንቅላቷ ላይ አረፈ። የቃታውን መቆለፊያ ለቀቀች።

ከዚያ ዓይኗን ከመነፅሩ አንስታ አሻግራ አየች። የኖርማን መኖ ቤት፣ ግራጫው ጣውላ።

መቆለፊያውን መለሰችው።

«እሰማታለሁ!» አለ ከዝበርት በሹክሹክታ። «እየበላችው ነው! ተኩሺ!»

«አልችልም።»

«አትታይሽም?»

«ጥርት ብላ።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«ከጀርባዋ የኖርማን ጣውላ ነው።»

«ስለ ጣውላው ማን ጠየቀሽ! ርግብ እንኳ የለበትም፣ ባዶ መኖ ቤት ነው። ይሄ ፀጉር ማድረቂያ ጣውላ አይበሳም፤ ተኩሺ በቃ!»

«አላውቅም ይብሳ አይብሳ። አልተኩስም።»

«ሂልዳ... ልዑሉ ነው እኮ።»

ድምፁ ተሰበረ። አንዲት ጥይት ናት። አይጧ ከበርጩማው ትንሽ እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች፤ እንደማትስትም ታውቃለች። ይህ ሰውዬ የመጨረሻ ደስታው እዚያ ሲቆረጠም እየሰማ ነው። ጠመንጃውን ጭኗ ላይ አስተኛችና የአፈር ጓል አንስታ «እሽሽ!» ብላ ወረወረች። አይጧ እብስ አለች።

ያን ጊዜ ከጣውላው ጀርባ ሰው ሲያስል ተሰማ።

ሁለቱም ደረቁ። የመኖ ቤቱ በር ሲጥ አለና ኖርማን ብርድ ልብስ እንደተከናነበ፣ ተጣጣፊ ወንበር በአንድ እጁ፣ ፔርሙዝ በሌላው ይዞ ወጣ።

«እንግዲህ አትተኩሱ» አለ። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል።

«ምን ትሠራለህ እዚያ ውስጥ?» ጮኸ ከዝበርት።

«እጠብቃለሁ።»

«ምን?»

«ሽንኩርትህን ነዋ። የተቆረጠ ቅጠል ከአጥሩ በላይ አየሁ። አንድ ባለጌ ቢላ ይዞ እየገባ ነው ብዬ በጣውላዋ ስንጥቅ ላይ ዓይኔን ደቅኜ መጠበቅ ከጀመርኩ ሰነበትኩ።»

«አንተው መስለኸኝ ነበር» አለ ከዝበርት።

«አውቃለሁ። ሂልዳ የኬኩን ሳህን ስትመልስ ነገረችኝ፤ አይጥ ናት ማለቷን ግን አላመንኩም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ታናግረኛለህ እንዴ? ደግሞም...» ኖርማን ወንበሩን አስቀመጠ። «ዓይንህን አውቄአለሁ፣ ከዝበርት። ባለፈው ወር ሰላም ስልህ የመለስከው ለአጥሩ ምሰሶ ነው። ብቻውን ሌባ አይይዝም ብዬ ነው።»

ሂልዳ ወሬውን ልታስቀይር ጣልቃ ገባች፦ «ሌባው አይጥ ናት። የምትቆፍረውም እሱ ለማዳበሪያ ከሽንኩርቱ ሥር የቀበረውን የሄሪንግ ዓሣ ጭንቅላት ፍለጋ ነው።»

«ሂልዳ!» አለ ከዝበርት፤ ምስጢሩ ከአፏ ሲወጣ የሱ ጥርስ አብሮ የወለቀ ይመስል።

«የሄሪንግ ጭንቅላት?» አለ ኖርማን። «በጥቁር ቢራ ተዘፍዝፎ?»

«ማን ነገረህ?»

«አባትህ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብለው።»

«ለእኔም ያሉኝ እንደዚሁ ነው» አለ ከዝበርት ቀስ ብሎ።

ከዚያ ተነስቶ እየዳበሰ ወደ መኖ ቤቱ ሄደ። እጁ ጣውላውን አገኘው። በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገው፤ ስስ ድምፅ ሰጠ።

«ምንድነው ይሄ እንጨት?»

«የብርቱካን ሣጥን ነው። ፈትቼ የመታሁት።»

«ተቀምጠህ የነበርከው የቱ ጋ ነው?»

ኖርማን እጁን ይዞ ስንጥቋ ላይ አደረገለት። ከዝበርት እዚያው ላይ መዳፉን ዘርግቶ ብዙ ቆየ። ቤት ገብተውም እራቱን አልበላም። ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ «በኔ ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ሂልዳም አልጨረሰችለትም፤ ሻዩን ቀየረችለት።

በማግስቱ ኖርማን አካፋ ይዞ መጣ። የዓሣውን ጭንቅላት ከሽንኩርቶቹ ሥር ለቃቅመው በክምሩ ግርጌ፣ በርጩማው ፊት ለፊት ቀበሩት። አይጧ የምትቀመጥበትን ቦታ ራሷ መምረጧ ከዚያ በኋላ ቀረ። ብዙም አልቆየችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣች፤ ከዝበርት ሂልዳን ትከሻዋን ጫን አደረጋት፤ ከዚያ ጆሮዋ ሥር «ከጀርባዋስ?» አላት።

«አፈር።»

«እሺ።»

መጽሐፍ እንደመዝጋት ያለ ድምፅ ሆነ፤ አይጧ ከነበረችበት ሳትነቃነቅ ቀረች።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ሽንኩርቶቹ ይነቀላሉ። ከዝበርት መንሹን ይዞ ተንበረከከ። ሥሩ ከተበጠሰ ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ገደል ገባ ማለት ነው። በጣቱ አፈሩን ፈለገ፣ መንሹን ሰካ፣ አወጣ፣ ደግሞ ሰካ። ቆመ። ሂልዳ ከዳር ሆና ታያለች።

«ኖርማን» አለ ወደ አጥሩ ዞሮ። «ና ንቀልልኝ።»

ኖርማን ማዶ ቆሞ የአጥሩን ጠባብ በር መክፈት እንኳ ዘነጋ። «እኔ? ያንተን?»

«ሌላ ኖርማን አለ?»

«አርባ ዓመት!» አለች ሂልዳ። «አርባ ዓመት እኔን ያላስነካህ ሰውዬ!»

«አንቺ ታጥቢያቸዋለሽ» አለ ከዝበርት። «በለስላሳው ጨርቅ። ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ እንዳይሆን።»

ኖርማን አንድ በአንድ አወጣቸው፤ አንዲት ሥር አልተበጠሰችም። ሂልዳ የመጀመሪያውን ስትቀበል ክብደቱና ቅዝቃዜው አስደነገጣት። ከላይ ወደ ታች አጠበችው። ከዝበርት አንገቱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ዳርቻ እያየ «ነጭ ነው አይደል? ይታየኛል፣ ነጭ ነው» ይላል። የልዑሉ አንድ ቅጠል ተበጥሷል፤ ዳኞቹ ነጥብ ይቀንሱበታል። ይህን ግን ማንም አላነሳም።

ባሮ ሽንኩርት ወደ አዳራሽ የሚሄደው እርጥብ ጨርቅ በለበሰ ጣውላ ላይ ተጋድሞ ነው። ከዝበርት ወደ ዕቃ ቤቱ ገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የተበሳች ጣውላ አውርዶ መጣ። ኖርማን በአንድ ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ ሲል ቀዳዳዋን አየና ጣቱን ከተተባት።

«ይሄ ቀዳዳ የምንድነው?»

«ያንተ ሊሆን ነበር» አለ ከዝበርት።

ኖርማን ጣቱን ቀስ ብሎ አወጣ። ሂልዳ እርጥቡን ጨርቅ ቀዳዳዋ ላይ ዘረጋችና ሦስቱን ሽንኩርቶች አጋደመቻቸው። ሁለቱ ሰዎች ጣውላዋን በሁለት ጫፍ ያዟት፤ እየተገፋፉ፣ «ቀስ በል»፣ «አንተ ቀስ በል» እየተባባሉ ቁልቁል ወደ አዳራሹ ሄዱ። እሷም በሩን ዘግታ ተከተለቻቸው።